መዳፍ የምታክለው ኮምፒውተር ጅማ ላይ ገንዘቧን ታወጣለች?

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ያገኘውን ማሽን ሁሉ አይቀበልም። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ጅማ ውስጥ ከዩኒቨርሲቲው ዙሪያ የጽሕፈትና የኮፒ ቤቶች ጀምሮ እስከ መርካቶ ፎቶ ቤቶች ድረስ ጥያቄው አንድ ሆኗል። አሮጌው ዴል ይሰንብት ወይስ ይበቃዋል? ይበቃዋል ከተባለስ በምን ይተካ?

ትናንሾቹ ሳጥኖች ወሬው ውስጥ የገቡት እዚህ ላይ ነው። ቲክቶክ ላይ አንድ ወጣት መዳፉ ላይ የምትቀመጥ ኮምፒውተር ያሳያል። ትልቁን ማሽን ታስከነዳለች ይላል። ሰሚው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ "አሻንጉሊት ናት" ይላል። ሌላው "ከእንግዲህ ትልቅ ኮምፒውተር መግዛት ብር መበተን ነው" ይላል። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ፍጥነት ነው። ጅማ ላይ ግን ፍጥነት ተራው የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ከሱ በፊት መብራቱ አለ፣ ፕሮግራሙ አለ፣ ጥገናው አለ።

## የትኛዋ ሳጥን?

"ትንሿ ዴስክቶፕ" በሚለው ስም የሚጠራው ዕቃ ብዙ ነው። ከሁሉም የምትታወቀው የአፕል ማክ ሚኒ ናት። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 ገበያ የወጣችው፣ ኤም 4 ፕሮሰሰር ያላት፣ ጎኗ 12.7 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታዋ 5 ሴንቲ ሜትር ነው። 1 ኪሎ ስኳር ከእሷ ይከብዳል። አሜሪካ ውስጥ 16 ጊጋባይት ሜሞሪና 256 ጊጋባይት ማከማቻ ይዛ በ599 ዶላር ነው የወጣችው። ኤም 4 ፕሮ ያላት እህቷ መነሻዋ 1,399 ዶላር ነበር።

ከፍ ሲል ማክ ስቱዲዮ ይመጣል። ጎኑ 19.7፣ ከፍታው 9.5 ሴንቲ ሜትር ነው። የ2025ቱ በኤም 4 ማክስ ሲሆን 36 ጊጋባይት ሜሞሪ ይዞ 1,999 ዶላር፣ በኤም 3 አልትራ ሲሆን 96 ጊጋባይት ይዞ 3,999 ዶላር መነሻ ዋጋ ተቆርጦለት ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ኤንቪዲያ ዲጂኤክስ ስፓርክ የተባለችውን ሳጥን በ3,999 ዶላር አወጣ። 128 ጊጋባይት ሜሞሪ አላት። የምትሠራው በሊኑክስ ነው፤ የተሠራችውም ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ባለሙያ ነው። የሰርግ ቪዲዮ ለማቀናበር ወይም ደረሰኝ ለማተም እሷን የሚገዛ ሰው ካለ ሻጩ ነው የሚስቀው።

እዚህ ጽሑፍ ላይ "ውዷ ሳጥን" ስንል ከ1,399 ዶላር በላይ ያሉትን ነው።

## ትንሽ ሆና እንዴት ትፈጥናለች?

በድሮው ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩ የራሱ ሜሞሪ አለው፣ የግራፊክስ ካርዱም የራሱ። አንድ ቪዲዮ ሲሠራ መረጃው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተገለበጠ ይመላለሳል። አዲሶቹ ሳጥኖች "ዩኒፋይድ ሜሞሪ" የሚባል አሠራር ይከተላሉ። ፕሮሰሰሩም ግራፊክሱም ከአንድ መሶብ ይበላሉ ማለት ነው። መገልበጥ ይቀራል፣ ጊዜም ኃይልም ይተርፋል።

ሁለተኛው ቃል "ባንድዊድዝ" ነው። በሰከንድ ምን ያህል መረጃ ከሜሞሪው እንደሚወጣ ይለካል። የቡና መጋዘን አስቡ። የሜሞሪው መጠን የመጋዘኑ ስፋት ነው፤ ባንድዊድዙ የበሩ ስፋት። መጋዘኑ ሺህ ጆንያ ቢይዝም በሩ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ከሆነ መኪናው ሲጫን ይመሻል። የኤም 4 በር በሰከንድ 120 ጊጋባይት ያሳልፋል። የኤም 4 ፕሮ 273፣ የኤም 4 ማክስ እስከ 546፣ የኤም 3 አልትራ 819። ዋጋው ከፍ ሲል በዋናነት የሚገዛው ይኸው በር ነው። ለጽሕፈት፣ ለኤክሴልና ለብሮውዘር የ120ው በር ይተርፋል።

ይህ አሠራር ዕዳም አለው። ሜሞሪው ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተበየደ ነው። ድሮ ሲጠብ ተጨማሪ ሜሞሪ (ራም) ገዝቶ መጨመር ይቻል ነበር። አሁን የተገዛው ቀን የነበረው ለዘላለሙ ነው። አፕል ይህን ስለሚያውቅ ማክ ሚኒን ከ16 ወደ 24 ጊጋባይት ለማሳደግ ብቻ 200 ዶላር ያስከፍል ነበር። የማሽኑ ሲሶ ዋጋ ማለት ነው።

## ቤት ውስጥ የሚሠራ ኤአይ

ውዷን ሳጥን ለመግዛት ሰሞኑን የሚቀርበው ትልቁ ምክንያት ሰው ሠራሽ አስተውሎትን (ኤአይ) ያለ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ማሠራት ነው። ነገሩ እውነት ነው፤ ሒሳቡን ግን ማየት ደግ ነው።

የኤአይ ሞዴል መጠን በ"ፓራሜትር" ይለካል። ፓራሜትር ሞዴሉ ሲሠለጥን የያዘው ቁጥር ነው። 70 ቢሊዮን ፓራሜትር ያለው ሞዴል እያንዳንዱ ቁጥር ወደ ግማሽ ባይት ተጨምቆ እንኳ 35 ጊጋባይት ይሆናል። የሥራ ቦታውን ስንጨምር 40 ገደማ ይገባል። ሞዴሉ አንዲት የቃል ቁራጭ ለመጻፍ ይህን 40 ጊጋባይት በሙሉ ማንበብ አለበት። በሩ 273 ከሆነ በሰከንድ ቢበዛ 7 ቁራጭ ገደማ ይወጣል። 546 ከሆነ 14 ገደማ። 16 ጊጋባይት ባላት ማክ ሚኒ ላይ ደግሞ ከነጭራሹ አይገባም። 8 ቢሊዮን ፓራሜትር ያለው ትንሹ ሞዴል ግን እዚያችው ላይ ደህና ይሮጣል።

ለአማርኛ ጸሐፊ ሌላ ነገር ይጨመራል። "የቃል ቁራጭ" ያልነው በባለሙያዎቹ አጠራር "ቶክን" ነው። አንድ የላቲን ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ 1 ባይት ይፈጃል። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይፈጃል። ሞዴሎቹ ደግሞ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የሠለጠኑ ናቸው። ስለዚህ የአማርኛውን ቃል እንደ ሽንኩርት ይከትፉታል። ያው መልስ በአማርኛ ሲሆን ብዙ ቶክን ይሆናል፣ ጊዜም ይፈጃል። ቪዲዮው ላይ የታየው ፍጥነት የእንግሊዝኛ ፍጥነት ነው።

ይህ ሁሉ ለማን ይጠቅማል? ለምሳሌ የታካሚ መረጃ ይዞ ለሚሠራ የጤና ተመራማሪ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን የሕክምና መረጃ ውጭ አገር ላለ ሰርቨር ዝም ብሎ መስጠት ያስጠይቃል። መረጃው ከክፍሉ ሳይወጣ ቢሠራ ይመረጣል። እንዲህ ላለው ሰው የስቱዲዮ ወይም የስፓርክ ዋጋ ቅንጦት አይደለም። ለሌላው ግን ስልኩ ላይ ያለው የኢንተርኔት ኤአይ ከዚያች ሳጥን የተሻለ አማርኛ ይጽፋል።

## መብራቱ

ዴስክቶፕ ባትሪ የለውም። መብራት ሲጠፋ ይጠፋል፤ ያልተቀመጠ ሥራም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ጅማ ላይ የዴስክቶፕ ዋጋ ሲሰላ ዩፒኤስ አብሮ ይሰላል። ዩፒኤስ ማለት መብራት ሲቋረጥ በውስጡ ባለው ባትሪ ኮምፒውተሩን ለጊዜው የሚያቆይ ሳጥን ነው።

ጨዋታው የሚቀየረውም እዚህ ነው። አብዛኛው ትንሽ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባትሪ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ነው። ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት ይሆናል። በመቀያየር የሚባክነውና የባትሪው እርጅና ሲቀነስ 50 ያህሉ ተረፈ እንበል። ግራፊክስ ካርድ ያለው አሮጌ ታወር (ቁመታሙ የዴስክቶፕ ሳጥን) ቪዲዮ ሲያቀናብር 200 ዋት ቢበላና ሞኒተሩ 25 ቢጨምር፣ 50ው ዋት ሰዓት በ13 ደቂቃ ያልቃል። ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት ይበቃል፤ ለመሥራት አይበቃም።

ማክ ሚኒ ላይስ? አፕል ባወጣው መለኪያ መሠረት ኤም 4ቷ ሥራ ስትፈታ 4 ዋት፣ ጥግ ድረስ ስትሠራ 65 ዋት ትበላለች። በመካከለኛ ሥራ 25 ዋት ብንላትና ሞኒተሩን ብንጨምር በዚያው ዩፒኤስ 1 ሰዓት ገደማ ትቆያለች። በ1 ሰዓት ውስጥ ብዙ ጊዜ መብራት ይመለሳል። ካልተመለሰም ቡና ፈልቶ ሁለተኛው ደርሷል። ስለ ትንሿ ሳጥን ከሚነገረው ሁሉ ጅማ ላይ ሚዛን የሚደፋው ይህ ይመስለኛል። የሚገርመው ማስታወቂያዎቹ አያነሡትም።

ዋጋው ሲጨምር ግን ይህ ጥቅም ይሸረሸራል። ኤም 4 ፕሮ ያላት እስከ 140 ዋት ትሄዳለች። የዲጂኤክስ ስፓርክ ኃይል ሰጪ 240 ዋት ነው። እነዚህን ጥግ ድረስ የሚያሠራ ሰው ወደ ታወሩ 13 ደቂቃ እየተጠጋ ነው።

መብራት ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ሌላው ነው። የማክ ሚኒ ኃይል ሰጪ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል። ቮልቴጅ ሲወርድ ብዙም አይደንቃት። ከዚያ በላይ ሲዘል ግን ስታብላይዘር ወይም ደህና ዩፒኤስ ከሌለ አደጋ ነው። ጅማ ዝናቧም መብረቋም ብዙ ስለሆነ የኢንተርኔት ገመዱንም ነጎድጓድ ሲጀምር መንቀል ነው።

ትንሽ ነገር ልጨምር። የአዲሷ ማክ ሚኒ ማብሪያ ከሥሯ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ማንሣት ያሰለቻል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ "መብራት ሲመለስ ራስሽ ተነሺ" የሚለውን ማብራት ይቻላል። አየርም የምትስበው በዚያው በታች በኩል ነው፤ አቧራ ያለበት ጠረጴዛ ላይ መለጠፍ አይሆንላትም። ከእንጨት ማቆሚያ የሚሠራላት አናጺ ጅማ ውስጥ አይጠፋም።

## ፕሮግራሙ የማን ነው?

ጥሩ ማሽን ገዝተው የሚቆጩ ሰዎች በብዛት የሚቆጩት በዚህ ነው። የከተማው ሥራ በአብዛኛው በዊንዶውስ ፕሮግራም ላይ ቆሟል። የሒሳብ ሠራተኛው ፒችትሪ ይጠቀማል። ጸሐፊዋ ፓወር ግዕዝ ለምዳለች። ሕንፃ የሚያሰላው መሐንዲስ ኢታብስ፣ አርክቴክቱ ሬቪት፣ የካርታ ባለሙያው አርክጂአይኤስ ፕሮ፣ የሰርግ አቀናባሪው ኤዲየስ። አንዳቸውም ማክ ላይ በቀጥታ አይሠሩም። ማክ ውስጥ ዊንዶውስ አስመስሎ የሚያሠራ ፓራለልስ የሚባል ፕሮግራም አለ። ነገር ግን በዋናነት የሚያሠራው ለኤአርኤም ፕሮሰሰር የተዘጋጀውን ዊንዶውስ ነው። ኤአርኤም አዲሶቹ ማኮች የሚጠቀሙበት፣ ከኢንቴል የተለየ የፕሮሰሰር ቋንቋ ነው። አንዳንዱ ፕሮግራም ይሠራል፣ አንዳንዱ ይወላገዳል። የደመወዝ ቀን ፒችትሪ እምቢ ካለ ስለ ባንድዊድዝ የሚሰማ አለቃ የለም።

የአማርኛው ጉዳይ ለሁለት ይከፈላል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ዩኒኮድ ማለት የዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸው ቁጥር የተሰጣቸው የጋራ ሥርዓት ነው። በዩኒኮድ የተጻፈ ሰነድ ማክም ላይ ያለ ችግር ይነበባል፤ ማክ ከፋ የሚባል የግዕዝ ፎንት ይዞ ነው የሚመጣው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈው የቢሮ ማኅደር ግን ሌላ ነው። ፎንቱ ከሌለ ገጹ ምልክት በምልክት ይሆናል።

ስለ ክራክም በግልጽ ማውራት ያስፈልጋል። ብዙ ቤት ያለው ፎቶሾፕ የተገዛ አይደለም። ከዊንዶውስ የሚወጣ ሰው ከዚያ ልማድም በከፊል ይወጣል፤ ስለዚህ የሶፍትዌር ወጪ ይጨምር። ደግነቱ ቪዲዮ ላይ መፍትሔ አለ። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃ ቅጂ አለው፤ ዊንዶውስም ማክም ላይ ይሠራል።

## የሰርግ አቀናባሪው ሒሳብ

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ሰርግ የሚቀርጽና የሚያቀናብር ቤት እናስብ። የ2 ሰዓት ፊልም ጨርሶ ለማውጣት አሮጌው ታወር ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል። ማክ ስቱዲዮ በጣም ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ትልቅ ልዩነት ይመስላል። ግን ባለቤቱ ሌሊት ተኝቷል። ሥራው 6 ሰዓት ቢፈጅም 1 ሰዓት ቢፈጅም ሙሽራው ፊልሙን የሚወስደው ጠዋት ነው።

ገንዘብ የሚጠፋው ቀን ነው፤ አቀናባሪው ሲቆርጥና ሲቀጥል ምስሉ ሲንቀጠቀጥና ሲቆም። ለዚህ ደግሞ "ፕሮክሲ" የሚባል ዘዴ አለ። የቪዲዮውን ቀለል ያለ ቅጂ ሠርቶ በሱ ማቀናበር፣ ሲወጣ በዋናው መተካት። ወጪ የለውም። ፕሮክሲ ሞክሮ አሁንም ሥራ የሚከማችበት፣ በሳምንት ሦስት አራት ሰርግ የሚይዝ ቤት ውዷን ሳጥን ቢገዛ ያዋጣዋል። በወር ሁለት የሚይዝ ቤት ግን የ599 ዶላሯ ትበቃዋለች። እሷም ቪዲዮ የሚፈታ የራሱ ክፍል ፕሮሰሰሯ ውስጥ አላት።

ላፕቶፕ ይሻላል የሚሉትም ቀላል ክርክር አይደለም የያዙት። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የወጣው ማክቡክ ኤር ያንኑ ኤም 4 ይዞ በ999 ዶላር ነው የመጣው። በ400 ዶላር ልዩነት ስክሪን፣ ኪቦርድና ባትሪ ይገኝ ነበር። ዩፒኤስ አያስፈልገውም። ሞኒተርና ኪቦርድ የሌለው ሰው ሲደምር ትንሿ ዴስክቶፕ ርካሽነቷ ይጠፋል። አሮጌው ዴል ሞኒተር ግን አሁንም ደህና ከሆነ ሚዛኑ ወደ ሳጥኗ ያጋድላል። ደጋፊውም ተቃዋሚውም ይህችን የሞኒተር ነገር ዘልለው ነው የሚከራከሩት።

## ዶላሩና መጠበቁ

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ ከ58 ብር በታች ነበር። የምንዛሪ ገበያው ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ለስሌት እንዲቀል ዶላሩን በ150 ብር እንምታው። የ599ኟ 89,850 ብር ትሆናለች፣ የ1,999ኙ 299,850፣ የ3,999ኙ 599,850። ይህ ቀረጥ፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የአምጪውና የነጋዴው ትርፍ ሳይገባ ነው። ባንኮኒው ላይ የሚጠራው ዋጋ ከዚህ ከፍ ቢል አይገርምም።

"ትንሽ ልጠብቅ፣ ይረክሳል" የሚለው የድሮ ምክር ዘንድሮ አያስተማምንም። የሜሞሪ ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ንሯል። ሜሞሪ ከሚያመርቱት ዋናዎቹ ሦስት ናቸው፦ ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን። ሦስቱም ፋብሪካቸውን ለኤአይ ዳታ ሴንተር ወደሚሄደው ውድ ሜሞሪ እያዞሩ ነው። ማይክሮንማ በዲሴምበር 2025 ለተራው ሸማች የሚሸጥበትን ክሩሻል የተባለ ስም እንደሚዘጋ አስታወቀ። የነሱ ውሳኔ ወራት ቆይቶ አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ ይታያል፤ ከዚያም ጅማ ይደርሳል።

በሌላ በኩል አዲስ ፕሮሰሰር ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው። ኤም 5 በኦክቶበር 2025 ላፕቶፕ ላይ ወጥቷል። ማክ ስቱዲዮ በ2022፣ በ2023 እና በ2025 ነው የታደሰው። እንዲህ ሲታይ የሚጠብቅ ሰው ማለቂያ የለውም። አሁን ያለው ማሽን ሥራ እያስቀረበት ያልሆነ ሰው ቢጠብቅ ምንም አይቀርበትም። እያስቀረበት ያለው ግን በየሳምንቱ እየከፈለ ነው፤ ደረሰኝ ስለማይቆረጥለት ብቻ አይታወቀውም።

## ከመክፈል በፊት

አፕል አፍሪካ ውስጥ የራሱ መደብር የለውም። ታወር ሲበላሽ ኃይል ሰጪው ወይም ራሙ እዚሁ ከተማ ይቀየራል። የትንሿ ሳጥን ቦርድ ሲሞት ግን ጉዞው ቢያንስ አዲስ አበባ ነው፤ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ። ቀላል ስለሆነች ሻንጣ ውስጥ ትገባለች፤ የምትቀርበት ሳምንት ግን ሥራ የለም።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ይይ። አንደኛ፣ ውስጧ ያለው ኢንቴል ከሆነ ይለፋት። ማክኦኤስ 26 (ማክን የሚያንቀሳቅሰው ዋና ሶፍትዌር) ኢንቴል ያላቸውን የሚቀበል የመጨረሻው እንደሚሆን ኩባንያው ራሱ በጁን 2025 ተናግሯል። የ2018ቷ ማክ ሚኒ ዋጋዋ የሚያማልለው ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ የቀድሞው ባለቤት አካውንቱን ከማሽኗ ማውጣቱን ሻጩ ፊት ለፊት ያረጋግጥ። አካውንቱ ካልወጣ ሳጥኗ ትቆለፋለች፤ ጅማ ላይም አዲስ አበባም የሚከፍታት ባለሙያ የለም። ከዚያ "ስለዚህ ማክ" የሚለውን ከፍቶ የሜሞሪውን ቁጥር ያንብብ። 8 ካለ፣ በኋላ የሚጨመር ስላልሆነ፣ ብሩን ወደ ኪሱ ይመልስ።